ሒሳባቸው ለሰው የጠቀመ ሰዎችን ወሎ ላይ እንዴት እናክብር

ሰላም ናቹ የወሎ ልጆች፣ ደሴም ኮምቦልቻም ሐይቅም ወልድያም ያላቹ። ዛሬ ልጽፍላቹ የፈለኩት የሒሳብ ሰዎችን ስለማክበር ነው፣ ማለቴ ሥራው ወረቀት ላይ ያልቀረ፣ ሰው የዳነበት እህል የደረሰበት መንገድ የተገኘበት ሒሳብ የሠሩ ሰዎችን። ሯጭ እናከብራለን ዘፋኝ እናከብራለን፣ ይገባቸዋል፣ የሒሳብ ሰው ሲባል ግን አዳራሹ ዝም ይላል ምክንያቱም ምን እንደሠራ የነገረን የለም። ይሄ ጽሑፍ እንግዲህ የሒሳብ ክበብ ላላቹ አስተማሪዎች፣ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ለወጣት ማኅበራት፣ ከፈለጋቹም ለቅሬ (እድር) ሰብሳቢዎች ነው፣ ብዙ ብር አይጠይቅም።

ዋናውን ነገር ከመጀመሪያው ልንገራቹ፣ ከስም ዝርዝር አትጀምሩ። አብዛኛው ፕሮግራም የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፣ ከኢንተርኔት ኒውተን ኦይለር ጋውስ ተብሎ ይወርዳል፣ ፎቶ ይለጠፋል፣ ይጨበጨባል፣ ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል። እናንተ ከጥቅሙ ጀምሩና ወደ ሰውየው ሂዱ። ቁጭ በሉና በኛ አገር ሰው በየቀኑ የሚገለገልበትን ጻፉ፣ ስልኩን፣ የወባ መከላከሉን፣ የእርዳታ እህሉን፣ የበልግ ትንበያውን፣ ሆስፒታል ያለውን ማሽን፣ ከዛ ለእያንዳንዱ "ከዚህ ኋላ ማን ነው ያሰላው?" ብላቹ ጠይቁ። ያኔ የምታገኙት ስም ለሰው ትርጉም ይሰጣል።

ወባን እንውሰድ፣ ባቲና ከሚሴ ላለ ሰው ወባ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ሮናልድ ሮስ የሚባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በፈረንጆቹ 1897 ("በኛ" ካላልኩ ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) ወባ በትንኝ እንደሚተላለፍ አሳየ፣ በ1902 በሕክምና ኖቤል ተሸለመ፣ ይሄን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደሞ እሱ ቁጭ ብሎ እኩልታ መጻፉን ነው። በዛን ጊዜ ሰዉ "ትንኝን በሙሉ እንዴት ትጨርሳለህ፣ አይቻልም" እያለ ይከራከር ነበር፣ ሮስ በሒሳብ ያሳየው የትንኙ ቁጥር ከተወሰነ ልክ በታች ከወረደ በሽታው ራሱ እየከሰመ እንደሚሄድ ነው፣ ሁሉንም መጨረስ ግድ አይደለም። ዛሬ አጎበር ሲታደል፣ ቤት ሲረጭ፣ ያቆረ ውሃ ሲፋሰስ ከኋላው ያለው አስተሳሰብ ይሄ ነው። በኮሮና ጊዜ "አንድ በሽተኛ ስንት ሰው ያስይዛል" ሲባል የሰማነው ቁጥርም የዚሁ ዘር ነው። እንግዲህ ከሚሴ ላይ ሮስን ስታከብሩ ስለ ትንኟም ስለ እኩልታውም አውሩ፣ እናቶች በደንብ ይሰሟቹሃል።

እህሉ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ለወሎ ሰው ይሄ ተራ ጉዳይ አይደለም። በኛ አቆጣጠር በ1965 እና በ1966፣ ቀጥሎም በ1977 የሆነውን ከየቤታችን የማያውቅ የለም። ስንት ኩንታል ከየትኛው መጋዘን በየትኛው መንገድ ወደ የትኛው ወረዳ ቢሄድ ነው በትንሽ ወጪ ለብዙ ሰው የሚደርሰው፣ ይሄ ጥያቄ ጥርት ያለ የሒሳብ ጥያቄ ነው፣ ኮምቦልቻ ያሉትን የእህል መጋዘኖችና ከዛ የሚወጡትን መኪኖች አስቡና ይገባቹሃል። መልሱን የሚሰጠውን፣ ሊኒየር ፕሮግራሚንግ የሚባለውን የሒሳብ ዘርፍ ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ሌኦኒድ ካንቶሮቪች በ1939፣ አሜሪካ ውስጥ ደሞ ጆርጅ ዳንትዚግ በ1947 አንዱ ከሌላው ተለይተው ሠሩት። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በዚሁ ሒሳብ እየታገዘ ምን ዓይነት ምግብ ከየት ገዝቶ በየት እንደሚያጓጉዝ ማቀድ ጀመረና በ2021 ፍራንዝ ኤደልማን የሚባለውን ሽልማት ወሰደበት። ልብ በሉ፣ በ1975 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ለካንቶሮቪችና ለቲያሊንግ ኩፕማንስ ሲሰጥ ዳንትዚግ ታልፏል። እንዲህ የታለፈ ሰው ሲገኝ እናንተ ብታነሱት ክብሩ እጥፍ ነው ባይ ነኝ።

አማርትያ ሴን የሚባለውን ሕንዳዊም እዚሁ ላይ እጨምራለሁ፣ ሞያው ኢኮኖሚክስ ነው፣ አሠራሩ ግን በሒሳብና በሎጂክ የታነጸ ነው። በኛ የ1965ቱን የወሎ ረሃብ በቁጥር መርምሮ በ1981 በፈረንጆቹ ያወጣው ጥናት የሚለው፣ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል ሰማይ አልወጣም ነበር፣ ገበሬው ያለቀው የሚገዛበት አቅም ስላጣ ነው። እህል አለ ወይ ብቻ ሳይሆን ሰው እህሉን የሚያገኝበት መንገድ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ከዛ በኋላ በዓለም ተለመደ፣ በ1998 ኖቤል ተሰጠው። የኛ ሙታን ለምን እንደሞቱ የመረመረ ሰው ደሴ ላይ ስሙ አለመነሳቱ ያሳዝነኛል፣ ቢያንስ አንድ የንባብ ክፍል በስሙ ይገባዋል።

እሺ፣ አሁን መመዘኛ። ከባዶ መፍጠር አያስፈልጋቹም፣ ዓለም ላይ ለዚሁ ጉዳይ የተቋቋመ ሽልማት አለ፣ የካርል ፍሪድሪሽ ጋውስ ሽልማት ይባላል፣ የዓለም አቀፉ የሒሳብ ኅብረትና የጀርመን የሒሳብ ማኅበር በየአራት ዓመቱ የሚሰጡት ነው። መመዘኛው አጭር ነው፣ ሥራው ከሒሳብ ውጪ ላለው ዓለም ትልቅ ጥቅም ሰጥቷል ወይ? ገንዘቡ ከየት መጣ መሰላቹ፣ በ1998 በርሊን ላይ ከተደረገው የሒሳብ ጉባኤ ከተረፈ ብር ነው። ስለዚህ የሆነ ዝግጅት ላይ ብር ከተረፋቹ ለምሳ አትጨርሱት። በ2006 ኪዮሺ ኢቶ፣ በ2010 ኢቭ ሜየር፣ በ2014 ስታንሊ ኦሸር፣ በ2018 ዴቪድ ዶናሆ፣ በ2022 ኤሊየት ሊብ ወስደውታል። የዶናሆ ሥራ ለምሳሌ ከጥቂት ልኬት ሙሉ ምስል ማውጣትን ይመለከታል፣ በዚህ የተነሳ የኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በምስል የሚያሳየው ማሽን) ምርመራ አጠረ፣ ማሽን ውስጥ ሳይንቀሳቀስ መተኛት ለሚከብደው ሕፃን ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ከኢቶ ሁለት ነገር ተማሩ። አንደኛ ሥራውን የሠራው በ1940ዎቹ ጃፓን ጦርነት ውስጥ እያለች ነው፣ በዘፈቀደ የሚዋዥቅን ነገር በእኩልታ መከተል የሚያስችል ሒሳብ ነው፣ ጥቅሙ በደንብ የታየው ግን ከስንት ጊዜ በኋላ ነው፣ ስለዚህ "ባለፈው ዓመት ምን ሠራ" የሚል መመዘኛ አታውጡ። ሁለተኛ ሲሸለም ዕድሜው 90 ነበር፣ ሽልማቱ ወደሚሰጥበት ማድሪድ መሄድ አልቻለም፣ ትንሿ ልጁ ከስፔን ንጉሥ እጅ ተቀበለችለት፣ ከዛ የኅብረቱ ፕሬዚዳንት ጆን ቦል ራሱ ኪዮቶ ድረስ ሄዶ ሜዳሊያውን በእጁ ሰጠው። እኛም ሽማግሌን ቤቱ ሄዶ መጠየቅ እናውቅበታለን፣ የሚከበሩት ሰው አቅም ከሌላቸው ወደ አዳራሽ አትጎትቷቸው፣ ክብሩን ይዛቹ ግቡ፣ ቡና ይፈላል፣ ምርቃትም ታገኛላቹ።

የሚከበረው ሰው ፈረንጅ ብቻ መሆን የለበትም፣ እንደውም ከጎናቹ ካለ ሰው ጋር አጣምሩት። ወሎ ውስጥ ሒሳብ ከጥንት አለ። ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የጾምና የበዓል ቀን የሚወጣበትን ስሌት የሚያስተምሩ መሪጌታ ፈልጉ። አሠራሩን ለማያውቅ ላሳያቹ፣ ዓመቱ በኛ 2018 ቢሆን፣ ከክርስቶስ በፊት የሚቆጠረው 5500 ዘመን እና 2018 ሲደመር 7518፣ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፣ አንዱን ለዘመን ትተን 12 ወንበር እንላለን፣ 12 በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ (ተካፍሎ ቀሪው ሲያዝ) 12 ይቀራል እሱ አበቅቴ ነው፣ ወንበሩ 12 በ19 ሲባዛ 228፣ በ30 ሲገደፍ 18 እሱ መጥቅዕ ነው፣ ሁለቱ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ናቸው። ከዚህ ተነስቶ ነው ነነዌም ፋሲካም መቼ እንደሚውል የሚታወቀው፣ ስንት ሚሊዮን ሰው ጾሙንና በዓሉን የሚያውቀው በዚህ ስሌት ነው እኮ፣ ይሄ ለሰው የጠቀመ ሒሳብ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው።

በሌላው በኩል የውርስ ክፍፍል፣ ፈራኢድ የሚያስተምሩ ሼኽ አሉ። ሰውየው ሚስት፣ አንድ ወንድና ሁለት ሴት ልጆች ትቶ ቢሞት ሀብቱ 32 ቦታ ይከፈላል፣ ለሚስት 4፣ ለወንዱ 14፣ ለሴቶቹ 7፣ 7። ቀላል ይመስላል ግን ወራሹ ሲበዛ ክፍልፋዩ ያስፈራል፣ በትክክል ሲሠራ ደሞ ወንድማማች ከመጣላት ይድናል። አልጀብራን ያቋቋመው አልኸዋሪዝሚ በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ሆኖ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ሰፊውን ቦታ የያዘው የውርስ ሒሳብ ነው፣ ልጆቻችን ክፍል ውስጥ ኤክስ ፈልጉ ሲባሉ ይሄን ማን ነገራቸው? መሪጌታውንና ሼኹን አንድ መድረክ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጡና እያንዳንዳቸው አንድ ስሌት በጥቁር ሰሌዳ ይሥሩ። ለወሎ ሰው ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም፣ በአንድ ቤት ሁለቱም እምነት ያለበት አገር ነው።

ከነሱ ሌላ ደሞ ዓመት እስከ ዓመት ዝናብ እየለኩ የሚመዘግቡ ሰዎች፣ ጤና ጣቢያ ላይ የበሽተኛ ቁጥር ሳያጎድሉ የሚይዙ፣ ስንት ኢንጂነርና ሐኪም ያወጡ የሒሳብ መምህራን አሉ። የበልጉን ትንበያ የሚሠራ ማንም ቢሆን ያለነዚህ ቁጥሮች ባዶ እጁን ነው። ብቻ ከማንም በፊት ሰውየውን አስፈቅዱ፣ ስሜ አይነሳ የሚል አለ፣ ይከበርለት።

ስሙ ከተመረጠ በኋላ ግማሽ ገጽ ጽሑፍ አዘጋጁ፣ ለምን እንደሚከበር የሚገልጽ። ሦስት ነገር ይመልስ፣ ችግሩ ምን ነበር፣ እሱ ወይ እሷ ምን አገኙ፣ ዛሬ ማን ይጠቀምበታል። የትምህርት ማዕረግ ድርደራ አያስፈልግም። ከጻፋቹ በኋላ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ለእናታቹ ወይ ለአያታቹ አንብቡላቸው፣ "እና ምን ይሁን?" ካሉ አልተጻፈም ማለት ነው፣ እንደገና ጻፉ። እዚህ ላይ ጊዜ ብታጠፉ አይቆጨኝም፣ ከሰርተፊኬቱም ከአበባውም በላይ የሚቀረው ይሄ ጽሑፍ ነው።

በፌስቡክና በቴሌግራም የሚዞር ወሬ ደሞ እንዳታስገቡ። ለምሳሌ ኖቤል በሒሳብ ሽልማት ያላቆመው ሚስቱ ከሒሳብ ሊቅ ጋር ስለሄደች ነው ይባላል፣ ኖቤል እኮ ሚስት አግብቶ አያውቅም። ሥራውንም ለአንድ ሰው ጠቅልላቹ አትስጡ፣ የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት (ናሳ) የሒሳብ ባለሙያዋን ካትሪን ጆንሰንን ስታነሱ አብረዋት የሠሩትን ዶሮቲ ቮንንና ሜሪ ጃክሰንን አንሱ፣ ሒሳብ ብቻውን የሚሠራ የሚመስለው ሰው እንኳ ከኋላው ብዙ ሰው አለ።

ቀኑን በተመለከተ፣ ዓለም አቀፍ የሒሳብ ቀን ማርች 14 ነው፣ ዩኔስኮ በ2019 ነው ያወጀው። በኛ መጋቢት 5 ይሆናል። ልጆች ለምን በዚህ ቀን ሆነ ይላሉ፣ ፈረንጆቹ ወሩን አስቀድመው 3 እና 14 ብለው ስለሚጽፉትና ፓይም 3.14 ብሎ ስለሚጀምር ነው በሏቸው። ግን መጋቢት 5 የአቦ ዓመታዊ በዓል ነው፣ ጠዋት ብዙ ሰው ቤተክርስቲያን ነው የሚሆነው፣ ጾሙም ብዙውን ጊዜ ገብቷል፣ በኛ በ2016፣ በ2017 እና በ2018 ደሞ ረመዳንም እዚሁ ላይ ነው የወደቀው፣ በኛ ከ2019 ጀምሮ ነው የሚለቀው። ስለዚህ ወይ ወደ ቀጣዩ የትምህርት ቀን አሻግሩት ወይ ምግብ የሌለበት አድርጉት፣ የምግቡን ብር ለደብተር አውሉት። ሌላው አማራጭ ግንቦት 4 ነው፣ የማርያም ሚርዛኻኒ ልደት፣ በ2014 የሒሳብ ትልቁ ሽልማት የሚባለውን የፊልድስ ሜዳሊያን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ኢራናዊት ነች፣ በ2017 አረፈች፣ ቀኑ በዓለም የሴት ሒሳብ ባለሙያዎች ቀን ሆኖ ይታሰባል። ሴት ልጆቻችሁን ማበርታት ከፈለጋቹ ይሄንን ምረጡ፣ እኔ ብሆን ይሄንን ነው የምመርጠው።

የዚህን ቀን መድረክ በጂፒኤስ ብትጀምሩት ይመቻል። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚወርድ ሾፌር ስልኩ ላይ መንገዱን ሲያይ፣ ለዚህ የሚሆነውን የመሬትን ትክክለኛ ቅርጽ በሒሳብ ካሰሉት አንዷ ግላዲስ ዌስት ናቸው፣ የጥቁር ገበሬ ልጅ፣ ከ1956 ጀምሮ ቨርጂኒያ ዳልግረን የባሕር ኃይል ተቋም የሠሩ። በ2018 ነው አሜሪካ አየር ኃይል በክብር መዝገብ ያሰፈራቸው፣ ያኔ ከ85 ዓመት አልፏቸዋል። ካትሪን ጆንሰንም በ1962 የጆን ግሌንን የጠፈር ጉዞ ስሌት በእጃቸው ያረጋገጡት ሴትዮ የፕሬዚዳንቱን ሜዳሊያ ያገኙት በ97 ዓመታቸው ነው። የኮምፒውተርን ሒሳብ መሠረት የጣለውን አላን ቱሪንግን ደሞ እንግሊዝ 50 ፓውንድ ኖት ላይ ያወጣችው በ2021 ነው፣ ከሞተ 67 ዓመት በኋላ፣ በሕይወት እያለ ግን የደረሰበት ክስና ቅጣት ነው። እባካቹ ሰው ሳይሞት አክብሩ፣ ዝርዝራቹ ውስጥ በዕድሜ የገፉ ካሉ የዘንድሮው ተራ የነሱ ይሁን፣ ወጣቱ ይቆያል።

ሽልማቱ ምን ይሁን ለምትሉ፣ የቸርን ሜዳሊያ የሚባል ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሽልማት አለ፣ ተሸላሚው 250,000 ዶላር ያገኛል፣ ሌላ 250,000 ዶላር ደሞ እሱ ለመረጣቸው ተቋማት ይሰጣል። ይሄን አሠራር በኛ አቅም ውሰዱት፣ ከቅሬውም ከነጋዴውም ከዳያስፖራውም የሰበሰባችሁትን ለሁለት ክፈሉት፣ ግማሹን ለመምህሩ፣ ግማሹን መምህሩ ለመረጡት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት። ሰዉ ለአንድ ሰው ኪስ ከማዋጣት ለልጆቹ መጽሐፍ ማዋጣት ይቀለዋል፣ መምህሩም ሰጪ ሆነው ይቆማሉ። ጋቢ ማልበስ አይቅር። የመማሪያ ክፍል በስም መሰየምም ጥሩ ነው ግን ከስሙ በታች ምን እንደሠሩ ሁለት መስመር ጻፉበት፣ አለበለዚያ ልጆቹ በሁለት ዓመት ውስጥ ማን እንደነበሩ አያውቁም። በርቀት ላለ ሰው፣ በሕይወት ካለ፣ ዩኒቨርሲቲው ገጽ ላይ ኢሜይሉ አለ፣ ልጆቹ ስለ ሥራው የተረዱትን ጽፈው ይላኩለት፣ ከሽልማት የማያንስ ነገር ነው።

መድረኩ ላይ ንግግር አሳጥሩ። ተከባሪውን አንቱ እያላቹ ጥሩ፣ ባለሥልጣን ከሳቸው በፊት አያናግሩ፣ ግማሽ ገጿ ትነበብ፣ አንድ ተማሪ ከሥራቸው አንዲት ስሌት ሰሌዳ ላይ ይሥራ፣ ከዛ እሳቸው ይናገሩ፣ ሽማግሌዎቹ ይመርቁ፣ አሚን ብሎ ሰው ይነሳ። ከአንድ ሰዓት አይለፍ።

ሲያልቅ ጠንካራ ልባድ ያለው መዝገብ ግዙና የተከበሩትን ስም፣ ቀኑን፣ ግማሽ ገጿን ገልብጡበት፣ ከኋላው ለሚቀጥለው ዓመት ጥቆማ የሚጻፍበት ገጽ ተዉ። ጠቋሚው ስም ብቻ ጽፎ አይሂድ፣ "ይሄ ሰው የሠራው ሒሳብ ለማን ጠቀመ" የሚለውን ቦታ መሙላት አለበት። መዝገቡ በሰው ቤት አይቀመጥ፣ ሰብሳቢ ሲቀየር ይጠፋል፣ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት በፊርማ ይረከበው፣ ጥቆማውም ሰኔ ላይ ፈተና ሳይጀመር ይዘጋ፣ ክረምቱን አጣርታቹ መስከረም ላይ ስሙን ታውቃላቹ።